የፊላ ሐይቅ ለቅሶ

የትርንጎ ጉሮሮ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ጧት ከአልጋዋ እንደወረደች ለብ ያለ የተልባ ውሃ ትጠጣለች። ቀዝቃዛ ነገር አትቀምስም፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ አትነካም፤ ካፊያ ሲጥል አንገቷን በሹራብ ጠምጥማ ነው ከቤት የምትወጣው። ጉንፋን ከጀማመራት ለአለቃዋ ወዲያው ማስታወቅ አለባት። ከመስኮቷ ማዶ የቆመው ትልቅ ሰሌዳ የዕለቱን የዕድገት አኃዝ ሲለፍፍ እሷ ተልባዋን ታማስላለች። አገሪቱ ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት ማስመዝገብ የጀመረችው ትርንጎ ከመወለዷ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ዝቅ ብላ አታውቅም። አኃዙ ሲወርድ ያየ ሰው በሕይወት ስለሌለ ቢወርድ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ይፈራዋል።

ትርንጎ በዘላቂ ስንብት ባለሥልጣን አንደኛ ደረጃ ሙሾ አውራጅ ናት።

ድሮ ወንዝ ሲጠለፍና ተራራ ሲናድ የአገሬውን ሰው የሚጠይቅ አልነበረም ይባላል። በኋላ ደጋግ ሰዎች ተነሡ። ልማት ይቅር አላሉም፤ ማን ይደፍራል? ብቻ ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ በገዛ እንባው ሳይሰናበተው የተፈጥሮ ሀብት አይነካ ብለው ተከራከሩ፤ ታሰሩ፤ ከሥራ ተባረሩ፤ በመጨረሻ አሸነፉ። «ሕዝብ ያላለቀሰለት አይነካም» የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ ዛሬም አለ። የሻረው የለም፤ መሻርም አላስፈለገም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ደን ሊመነጠር ሲታቀድ ባለሥልጣኑ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያመጣል፣ ሙሾ አውራጅ ይልካል። የአካባቢው ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ይቀመጣል። አውራጇ የሟቹን ስም ጠርታ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሰው ይከተላታል። በየምሰሶውና በየዛፉ የተሰቀሉት፣ የጠርሙስ ክዳን የሚያክሉ ጆሮዎች ይሰማሉ። ጆሮዎቹ የውሸት ለቅሶ አይቀበሉም፤ በዚህ አይታሙም። ስሙ ተጠርቶ፣ ሙሾው ወርዶ፣ ሰዉ ከልቡ ካለቀሰ ደኑ በክብር ተሸኝቷል ይባላል። በሠልስቱ ማሽኖቹ ይገባሉ።

በዚህ ሥራ ትርንጎን የሚያህል አልተገኘም። ወንዝ ሸኝታለች፣ ተራራ ሸኝታለች፣ የጭላዳ መንጋ ከነገደሉ ሸኝታለች። ባለፈው ዓመት ለሲሚንቶ የሄደውን ተራራ ስትሸኝ እንዲህ ብላ ነበር፦

ደጀኔ ነህ ብዬ ተደግፌህ ኖሬ፣
ሲወስዱህ ዝም አልኩ በገዛ አገሬ።

ያን ቀን የፋብሪካው መሐንዲስ ሳይቀር ተንሰቅስቆ አልቅሷል። ሲያበቃ ዓይኑን ጠርጎ ፈንጂውን አስጠመደ።

በሥራዋ አታፍርም ነበር። የሚሄደው መሄዱ ላይቀር አንድ ሰው እንኳን ደረቱን ይምታለት ትላለች። ሳይለቀስለት ከሚቀር ይሻላል ትላለች። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ካላት ደግሞ የምትለው ይህንኑ ነው።

በሰኔ መግቢያ አለቃዋ ኪሩቤል ቢሮው አስጠራት። ኪሩቤል ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ትሁት፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነው። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ፊላ ሐይቅን ያውቁታል፣ ወይዘሮ ትርንጎ?»

«ተወልጄበታለሁ።»

«አዎ፣ ማኅደርዎ ላይ አይቻለሁ።» አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ። «ውሃው ቆላ ላሉት የኮምፒውተር ስሌት አዳራሾች ማቀዝቀዣ ይፈለጋል። እዚያ ሙቀቱ በጣም ከብዷል፤ ማሽኖቹ ተጨንቀዋል።»

«ሌላ አውራጅ የለም?»

«ሁለት ልከን ነበር፤ ተመለሱ። ሰዎቹ አያለቅሱም። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ንፍሮውን ይበላሉ፣ ስለ በግ ያወራሉ። አንዱማ ጨው እንዲጨመርለት ጠይቋል።» ይህን ሲናገር ከልቡ አዝኖ ነበር። «የበጀት ዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። እስከዚያ ካልተለቀሰለት ሐይቁ ከዕቅድ ይወጣል። ከወጣ ደግሞ አንድ ትውልድ አይነካም። ሕግ ነው፤ እኛም እናከብረዋለን።»

«እናቴ እዚያ ናት፣ አቶ ኪሩቤል። ታማለች።»

«ለዚህም ጭምር ነው እርስዎን ያልኩት። በዚያውም እናትዎን ይጠይቃሉ። የውሎ አበል አለው።»

ትርንጎ እሺ አለች። ኪሩቤል ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። እሺ ያለችው ግን እሱ በመሰለው ምክንያት አልነበረም። ደረጃውን ስትወርድ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሙሾ እንዴት እንደሚበላሽ ታስብ ነበር። እሷ አንደኛዋ ናት። እሷ ያልቻለችውን ማንም አይችለውም ብለው ይተዉታል። ሰኔ ያልቃል። ፊላ ይተርፋል።

መንገዱ ጥሩ ነው፤ በዚህ አገር መንገድ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። አውቶቡሱ ውሃ በሌላቸው ድልድዮች ላይ እየተንሳፈፈ ሄደ። በየድልድዩ ራስ ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ፦ እዚህ እንትን የሚባል ወንዝ ነበር፤ በክብር ተሸኝቷል፤ ዕድገት ከስንብት ጋር። ከኋላዋ የተቀመጠች ሴት ለልጇ እያነበበች ታስተምረዋለች። ትርንጎ ሰሌዳዎቹን ማንበብ አያስፈልጋትም፤ የአብዛኞቹን ሙሾ በቃሏ ታውቀዋለች።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ የመጨረሻውን ኮረብታ ሲሻገር ፊላ ከታች ታየ። ዳር ዳሩን ስሙን የሰጠው አረንጓዴ የፊላ ሣር ከቦታል፤ መሐሉ ሰማዩን ይዞ ተኝቷል። ነጫጭ ወፎች ነበሩ። ትርንጎ ወፍ ካየች ቆይታለች። እንባዋ ሊመጣ ሲል በተሳፋሪው መሐል ከንፈሯን ነከሰች፤ ከአሁን ወዲያ እዚህ አገር ማልቀስ እንደማይቻል ገባት።

ታናሽ ወንድሟ አዳሙ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። የመንደሩ እድር ዳኛ ነው። አልሳማትም።

«ለለቅሶ ነው የመጣሽው?»

«ለእማዬ ነው።»

«ድንኳኑስ?»

«ድንኳኑም አለ።»

ሻንጣዋን ሳይቀበላት ዞሮ ገባ። ተከተለችው። እድርተኛው በመስቀል ተማምሎ ነበር፤ ሰኔ እስኪያልቅ ፊላ ዳር እንባ የለም። ጆሮዎቹ ያልተሰቀሉበት ቦታ የለም፦ በቤቱ ማገር፣ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በመቃብሩ ዛፍ። የነካቸው ይታሰራል። ለቅሶ የሚመዘግቡት ድንኳን ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው ይል የነበረው መምህር እንኳን አሁን ዝም ብሏል፤ ሕጉን አምጥተው አሳይተውታል፤ ስለ ድንኳን የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ልጅ ሲወድቅ እናት ሮጣ አፉን በመዳፏ ትዘጋለች። ሽንኩርት የሚከተፈው ከጆሮ ርቆ፣ ማሳ ውስጥ ነው።

«የፈንታነሽ ሕፃን በግንቦት ሞተ» አለ አዳሙ፣ ወንበር እያቀረበላት። «ዝም ብለን ቀበርነው።»

«እሷስ?»

«ዝም አለች። እስካሁን እንደዚያው ናት።»

ትርንጎ ተጠግታ አፏን ከጆሮው አጠገብ አደረገች። «አበላሸዋለሁ» አለችው። «ሙሾውን አበላሽቼ እመለሳለሁ።»

አዳሙ ፊቷን ትክ ብሎ አየው። «አንቺ ሙሾ አበላሽተሽ አታውቂም።»

«እለምደዋለሁ።»

እናታቸው አንጓች ሐይቁ በሚታይበት በር አጠገብ ተኝታለች። ሰውነቷ አልቋል፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ጣቶቿ ግን አላረፉም። ከደረቀ ፊላ ምንጣፍ እየጎነጎነች ነው። ፊላ ዳር ያለ ሰው የሚቀበረው በዚህ ተጠቅልሎ ነው፤ የሚችል የራሱን በራሱ እጅ ይሠራል።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እማ።»

«ጠቁረሻል። ከተማ ጥላ የለም እንዴ?»

«ጥላማ ሞልቷል። የፎቅ ነው እንጂ።»

እናቷ ምንጣፉን ወደ ደረቷ ሳበችው። «አለቀ። ጫፉን ማሰር ነው የቀረኝ።»

«እኔ ላስርልሽ?»

«አንቺ ማሰር አታውቂም። ያንቺ ሥራ ሌላ ነው።» ከዚያ እጇን በዳሰሳ ፈልጋ ያዘቻት። «ስሚኝ፣ ትርንጎ። እኔ ሰኔን አልሻገርም።»

«እንዲህ አትበይ።»

«ዝም በይ ስነግርሽ። ስሞት የሌላው ሰው አያሳስበኝም። የሌላው እንባ ለራሱ ነው፤ ያንቺ ግን የሰው ሁሉ እንባ ጎትቶ ነው የሚመጣው። ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። አፍሽን ያዥልኝ። በኔ ሬሳ ሐይቁን እንዳትቀብሩት።»

«እይዛለሁ።»

«ማይልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

አሮጊቷ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። «እሷማ መሞቷ ነው። ሌላ ማይ።»

ትርንጎ የአገሯን መሐላ ከተወች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ምላሷ ላይ ግን ነበር። «ካለቀስኩ ፊላ ይድረቅ» አለች።

«እህ» አለች እናቷ። «እሱ መሐላ ነው።»

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አገጫቸውን በትራቸው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ትርንጎ ተነሥታ ሙሾ ጀመረች፤ ድምፅዋን አፍንጫዋ ውስጥ አስገባችው፤ ቤት መምቻውን ሳተች፤ ሐይቁን በሌላ ሐይቅ ስም ጠራችው። አንድ ሽማግሌ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ፈንታነሽ ብቻ መሬት መሬት እያየች ቆየች። በሁለተኛው ቀን ነገሩ የገባቸው ሴቶች ንፍሮ እየዘገኑ ያቀብሏት ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን አዳሙ «እታለም» ብሎ ጠራት። ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ ብሏት አያውቅም።

«ድምፅዎ ምን ሆነ?» ብሎ ኪሩቤል ደወለ።

«ብርድ ነው።»

«አይዞዎት። ማር እልክልዎታለሁ።» ማሩም በማግሥቱ በሰው አልባ አውሮፕላን መጣ፤ ጣራው ላይ ተቀመጠ፤ ንጹሕ የደን ማር ነበር። ንቦቹ ከመሸኘታቸው በፊት የተቆረጠ ነው ይላል ክዳኑ።

እንዲህ እያለ ሰኔ ገፋ። ትርንጎ ቀን ቀን ሙሾ ታበላሻለች፤ ወደ ማታ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሐይቁ ሲጠቁር ታያለች። ውሃ ቀድታ እናቷን እግሯን ታጥባታለች። አንጓች ጣቷ ሲፈቅድላት የምንጣፉን ጫፍ ለማሰር ትሞክራለች፤ ሳይፈቅድላት ትተኛለች። ትርንጎ ደስ ብሏት ነበር። የምትሠራውን ሥራ አበላሽታ ደስ ያላት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ረፋድ ላይ፣ አንጓች ሞተች። ምንጣፉ ጭኗ ላይ እንደተዘረጋ፣ አንድ ክር በጣቶቿ መሐል እንደያዘች ነው ትንፋሿ የቆመው።

ማንም አልጮኸም። አዳሙ ወጥቶ ለጎረቤት በእጁ ምልክት ሰጠ። ሴቶቹ በባዶ እግራቸው ገቡ። ትርንጎ የእናቷን ገላ አጠበች፤ በምንጣፉ ገነዘቻት፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ምላሷን ነክሳው ደም ደም ይላታል። መምሬ ስብሐት ፍትሐቱን በሹክሹክታ አደረሱ። ዲያቆኑ የጽናጽሉን ብረት በጨርቅ ጠቀለለው። እኒህ ሰዎች ሬሳ ሲወጣ መንደሩን በእሪታ የሚያናውጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያልጮኸ ጎረቤት እንደ ጠላት የሚቆጠርበት አገር ነበር። አሁን የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። የሐይቁን ዳር ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄዱ ወፎቹ እንኳን ሳይደነግጡ ቆመው አዩአቸው።

ጉድጓዱ አጠገብ ደረሱ። ከመቃብሩ በላይ ባለው ወይራ ላይ ጆሮ አለ። ሁሉም አየው፤ ሁሉም ዓይኑን ከሱ መለሰ። አዳሙና ሦስት ሰዎች ሬሳውን በገመድ ማውረድ ጀመሩ። ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ነክሳለች። በልቧ ትቆጥር ነበር፤ አሁን አፈር ይመለሳል፣ አሁን እንመለሳለን፣ አሁን ቤት እንገባለን።

ምንጣፉ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ አንዱ ጎኑ ተፈታ። የፊላው ጭራሮ አንድ በአንድ ከፈት ከፈት እያለ የእናቷ እግር ታየ። ትናንት ማታ ያጠበችው እግር ነው።

ነጠላውን ከአፏ አወጣች። «ጫፉ አልታሰረም» አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ ሰው ለሰው የሚነግረው ዓይነት። «አዳሙ፣ ጫፉን አላሰርነውም። እንዲህ አይወርድም።»

«እታለም» አለ አዳሙ፣ ገመዱን እንደያዘ። «እታለም፣ ዝም በይ።»

ዝም ልትል አፏን ዘጋች። የወጣው በተዘጋው አፏ ነው። ያ ወር ሙሉ አፍንጫዋ ውስጥ ስትቀብረው የከረመችው ድምፅ ከየት እንደተነሣ ሳታውቀው መጣ፤ ሲመጣም ሙሾ ሆኖ፣ ቤቱን መትቶ፣ ተስተካክሎ ነው የመጣው። በዚያ አገር ሰው ሲለቀስለት ቀዬውና የሚጠጣው ውሃ አብሮ ይጠራል፤ ሌላ አለቃቀስ አልተማረችም።

እንስራሽ ደረቀ፣ ደጅሽ ጭር አለ፣
ፊላን ማን ይቀዳው ያንቺ እግር ከሌለ?

ከዚያ ፈንታነሽ ጮኸች። ሕፃኗን ስሙን ጠርታ ጮኸች፤ ከግንቦት ጀምሮ ውስጧ የታመቀው ሁሉ ወጣ። መሬት ላይ ወድቃ አፈሩን በሁለት እጇ ቧጠጠች። ከዚያ ወዲያ የሚይዘው አልነበረም። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ጥለው ፊታቸውን ያዙ፤ መምሬ ስብሐት መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። «ፊላን ማን ይቀዳው» ይላሉ ተቀባዮቹ፤ ትርንጎ ታወርዳለች፣ እነሱ ይቀበላሉ። አዳሙ ገመዱን ለቆ ሮጦ መጣና አፏን በመዳፉ ዘጋ። ከዚያ ያው እጁ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በኋላ፣ ብዙ ጊዜ፣ ያ ድምፅ ሐዘን ነበር ወይስ ሥራ እያለች ራሷን ጠይቃለች። መልሱን አታውቀውም። አንድ ነገር ግን ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችውም። ድምፁ ሲወጣላት እፎይ ብላ ነበር።

ኪሩቤል በማግሥቱ ራሱ መጣ። ጥቁር ለብሷል፤ ንፍሮ አስጭኗል፤ ከሐዘንተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቶቹን አወጣ።

«እኛ ያለቀስነው ለእናታችን ነው» አለ አዳሙ። ድምፁ ከለቅሶው ብዛት ሰልሏል። «ለሐይቁ አይደለም። ሐይቁ አልሞተም፤ ያውና።»

«ይገባኛል፣ አቶ አዳሙ። በግሌ በጣም ይገባኛል። እኔም እናት አለችኝ።» ኪሩቤል ስልኩን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖረው። የትርንጎ ድምፅ ከውስጡ ወጣ፤ ፊላን ማን ይቀዳው ብሎ ጠየቀ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ተቀበለው። ድምፁ ሲሰማ ከሴቶቹ ግማሾቹ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። «ሕጉ የሚለው፣ ሟቹ በስሙ ይጠራ፣ ሙሾ ይውረድለት፣ ሕዝብ ከልቡ ያልቅስ ነው። ሐይቁ በስሙ ተጠርቷል። ከልብ መሆኑን ደግሞ» አለና አንገቱን ደፋ፣ «እንዲህ ያለ ለቅሶ መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ አልተመዘገበም።»

አዳሙ ወደ ትርንጎ ዞረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እማዬ የፈራችው አንቺን ብቻ ነበር» አላት። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አላናገራትም።

በሠልስቱ ማሽኖቹ ገቡ። ክረምቱ ሳይወጣ የፊላ ውሃ ወረደ፤ ዝናቡ የሚያመጣውን ቧንቧው ይቀድመዋል። ጭቃው ላይ የቀረውን ዓሣ ሰው በእጁ ለቀመው። የዚያ ወር የዓሣ ምርት ከምንጊዜውም የበለጠ ነበር፤ ሰሌዳውም ተናግሮታል። ወፎቹ ጥቂት ሳምንት በደረቁ ላይ ሲዞሩ ቆዩና አንድ ጧት አልታዩም። መንደርተኛው ኮረብታው ጀርባ በተሠራለት ሰፈር ገባ። ቤቶቹ ጥሩ ናቸው፤ ውሃ በየሳምንቱ በጠርሙስ ይመጣል፤ ጠርሙሱ ላይ አረንጓዴ ፊላ ተሥሏል።

ከቀብሩ ወዲህ ትርንጎ ድምፅ የላትም። ትናገራለች፤ ማውረድ ግን አትችልም፤ ስትጀምር ጉሮሮዋ ይዘጋል። ተልባም፣ ማርም፣ ሐኪምም አልፈየደም። ልትሰናበት ኪሩቤል ዘንድ ስትገባ እሱ እንደ ልማዱ ከወንበሩ ተነሣ።

«ምን ሲደረግ?» አላት። «ያለን ድምፅዎ ይበቃናል። ሕጉ አውራጅ በሕይወት ኖራ ለቅሶው ላይ ትገኝ ይላል እንጂ አፏን ትክፈት አይልም። እርስዎ ይቀመጡ ብቻ።»

ስለዚህ ትቀመጣለች። በመስከረም ሾላ ምንጭ የሚባል አገር ወሰዷት። ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር የሚፈልቅ፣ መንደር የሚያጠጣ ምንጭ ነው። እዚያም ሰዎቹ ላያለቅሱ ተማምለዋል፤ ሲገቡ ከፊታቸው ታውቃለች፤ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ስለ እህል ዋጋ እያወሩ ነው የገቡት። ትርንጎ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከፊት ተቀመጠች። ምንጩ ከድንኳኑ ጀርባ ይሰማል።

ከዚያ ከድንኳኑ ጣራ ላይ የገዛ ድምፅዋ ወረደ። መሥሪያ ቤቱ አንዲት ቃል ብቻ ለውጦበታል።

እንስራሽ ደረቀ፣ ደጅሽ ጭር አለ፣
ሾላን ማን ይቀዳው ያንቺ እግር ከሌለ?

ወሬው ቆመ። መጀመሪያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ፤ መሐላቸውን እያስታወሱ፣ አፋቸውን በእጃቸው እየዘጉ፣ በጣቶቻቸው መሐል አለቀሱ። ከጣራው ላይ ተቀባዮች ይሰሙ ነበር፤ የፈንታነሽ ጩኸት፣ የመምሬ ስብሐት ሳግ፣ አዳሙ «እታለም» ሲላት። ትርንጎ እያንዳንዱን ለይታ አወቀችው። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ከአጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት ደረታቸውን እየመቱ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ቀና ብለው አዩአት። ይህች ከከተማ የመጣች ሴት፣ የድንኳኑ ሰው ሁሉ እየተንሰቀሰቀ፣ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች። አሮጊቷ ተናደዱ። ከሳህኑ ላይ ንፍሮ ዘግነው፣ እንደ ደንቡ፣ ወደ እሷ ዘረጉ።

«አንቺ ሴት» አሏት፣ «እናት የለሽም?»

«የለኝም፣ እማማ» አለች ትርንጎ። እጇን ዘርግታ ንፍሮውን ተቀበለች።